ሥልጠናው ነጻ፣ ስንቁ ከቤት

በኢትዮጵያ መንግሥት ለሙያ ሥልጠና የሚያወጣው ገንዘብ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሱት የተገነቡት ኮሌጆች፣ የተቀበሏቸው ሠልጣኞች ብዛትና በዓመቱ መጨረሻ የሚወጣው የምሩቃን ቁጥር ሲሆኑ፣ ሠልጣኙ በእነዚያ ወራት ምን እንደሚበላና የት እንደሚያድር በሪፖርቱ ውስጥ ቦታ አያገኝም። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋና ወደ ዓባይ በሚወርደው ተዳፋት ላይ፣ በወግዲ፣ በቦረና፣ በከላላና በሳይንት ለሚኖር መሬት አልባ ወጣት ግን ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ በመንግሥት ተቋም የሚሰጠው ሥልጠና ነጻ ወይም ለነጻ የቀረበ ቢሆንም፣ ለቤት ኪራይ፣ ለምግብና ለመጓጓዣ የሚወጣው ወጪ ከቤተሰቡ ጎተራ ስለሚመጣ፣ ጎተራው የጎደለበት ሰው ሥልጠናውን አይጀምረውም፣ ቢጀምረውም ከክረምቱ አያሻግረውም። የሕዝብ ገንዘብ የሚከፈለው ለመቀመጫው እንጂ ለተቀማጩ አይደለም፤ በዚህም ምክንያት ድሆችን ይረዳል ተብሎ የተዘረጋው ሥርዓት ከድሆች መካከል የተሻለ ስንቅ ያላቸውን እየመረጠ ሲቀበል ኖሯል።

የዚህ ሥልጠና ተፈላጊ ማን እንደሆነ ለመረዳት የመሬቱን ታሪክ ማየት ያስፈልጋል። በአማራ ክልል የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ድልድል የተካሄደው በ1989 ዓ.ም ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን የደረሰው ትውልድ መሬት የሚያገኘው ከወላጆቹ በውርስ ወይም በስጦታ፣ ካልሆነም የሌላውን ማሳ በእኩል አርሶ ወይም ተከራይቶ ነው። በድልድሉ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ወደ ሠላሳ ዓመት የተጠጋ ጎልማሳ ሆኗል፤ ከእሱ በኋላ የተወለዱት ታናናሾቹም ያንኑ ከቦታ ቦታ የተቆራረጠ የአባት ማሳ እየተመለከቱ አድገዋል። ስለዚህ ከአካባቢው ወንዶች ብዙዎቹ በመኸር ወራት ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሰሊጥ እርሻዎች፣ በሌላ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ የቀን ሥራ ይሄዳሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ ዓረብ አገርን ያስባሉ። ትዳራቸው የፈረሰ ሴቶች፣ ከስደት ተመላሾች፣ አካል ጉዳተኞችና ትምህርታቸውን በየደረጃው ያቋረጡ ሲጨመሩ፣ የሙያ ሥልጠና ሰነዶች ቅድሚያ እንሰጣቸዋለን የሚሏቸው ወገኖች በአብዛኛው በዚሁ ሕዝብ ውስጥ ይገኛሉ።

መንግሥት እነዚህን ወገኖች በሙያ ለማሠልጠን ያደረገው ሙከራ የዛሬ አይደለም። በአዲስ አበባ የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት በ1934 ዓ.ም ሲከፈት፣ በ1955 ዓ.ም ደግሞ በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ሲቋቋም፣ ዓላማው ለዘመናዊው ዘርፍ ጥቂት ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር። ለገጠሩ ጎልማሳ ታስቦ የተሠራው የደርግ ዘመን የኅብረተሰብ ክህሎት ማሠልጠኛ ማዕከል ሲሆን፣ ይህም በየወረዳው በተተከሉ አነስተኛ ግቢዎች ውስጥ አርሶ አደሮች ግንባታን፣ የእንጨትና የብረት ሥራን፣ ሸማንና የቤት አያያዝን ለጥቂት ወራት እየተማሩ ወደ ቀያቸው እንዲመለሱ የታቀደ ነበር። ማዕከሎቹ በ1971 ዓ.ም ከተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጎን ለጎን የተስፋፉ ሲሆን፣ የዘመቻው ዝና ከአገር አልፎ የዩኔስኮን ሽልማት ሲያስገኝ ማዕከሎቹ ግን የመሣሪያና የበጀት እጥረት ተለይቷቸው አያውቅም ነበር። ከ1983 ዓ.ም በኋላ ብዙዎቹ ተዘግተው ቆይተው የተወሰኑት የኋለኞቹ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት መነሻ ግቢ ሆነዋል።

እዚህ ላይ በበጀት ቋንቋ የማይጻፍ፣ ነገር ግን ሊታለፍ የማይገባው አንድ ነገር አለ። በደጋው ማኅበረሰብ ዘንድ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ ለረጅም ዘመን በንቀትና በጥርጣሬ ሲታዩ ኖረዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን መሳደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከማስነገር የደረሱትም ነቀፋው ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። ዛሬ ብየዳና የብረታ ብረት ሥራ በከተማው ዘንድ የተከበረ ገቢ ቢሆንም፣ ልጄ ቢማርልኝ መምህር ወይም የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ይሁንልኝ የሚል ወላጅ ከጥማዱ በሬ አንዱን ሸጦ ለእጅ ሙያ ስንቅ ለማሰናዳት ያመነታል። ወጪው በቤተሰብ ላይ ሲጣል ውሳኔውም ለቤተሰብ ይሆናል፤ የቤተሰብ ውሳኔ ደግሞ ይህን አሮጌ አመለካከት ይዞ ይመጣል።

ዛሬ የሚታወቀው ሥርዓት መሠረቱ የ1986 ዓ.ም የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ፖሊሲው አጠቃላይ ትምህርትን በ10ኛ ክፍል ላይ እንዲያበቃ ካደረገ በኋላ፣ የመጀመሪያው የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ1993 ዓ.ም ተሰጠ፤ ወደ መሰናዶ ያላለፈው ብዙ ወጣትም ከ1994 ዓ.ም ጀምሮ በአንድ፣ በሁለትና በሦስት ዓመት መርሐ ግብሮች ወደ ቴክኒክና ሙያ ተቋማት እንዲገባ ተደረገ። በዚህ መስፋፋት ውስጥ ደሴ የሚገኘውና በንጉሥ ሚካኤል ልጅ ስም የሚጠራው ዕውቁ የወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት እንኳ ወደ ቴክኒክና ሙያ ዞሮ ኋላ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆነ። ውጤቱ ግን የሙያ ሥልጠና ከመጀመሪያው «የወደቁት መግቢያ» ተብሎ መታየቱ ነበር።

በ2000 ዓ.ም የወጣው ብሔራዊ ስልት ይህን ለማረም ሞክሯል። ሥልጠናው በዓመታት ብዛት ሳይሆን ሠልጣኙ ሊሠራው በሚችለው ነገር እንዲለካ፣ ሙያዎቹ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 እንዲከፈሉ፣ ሠልጣኙም ሰዉ በተለምዶ «ሲኦሲ» የሚለውን የሙያ ብቃት ምዘና እንዲወስድ ወሰነ። ከዚህም ጋር የትብብር ሥልጠና የሚባለውን፣ ማለትም ሠልጣኙ ከጊዜው 70 በመቶውን በድርጅት ውስጥ እየሠራ፣ 30 በመቶውን ብቻ በተቋሙ እየተማረ የሚያሳልፍበትን አሠራር ከጀርመን ልምድ ቀድቶ አስገባ። ሐሳቡ በራሱ እንከን የለበትም፤ ለኮምቦልቻና ለአዲስ አበባም ይስማማል። ነገር ግን ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል የሚዘልቀው መንገድ በሚያገናኛቸው የወረዳ ከተሞች ድርጅት የሚባለው ሁለት ሦስት የእንጨትና የብረት መሥሪያ ቤት፣ አንድ ወፍጮ፣ ጥቂት ጸጉር ቤትና የልብስ ስፌት ነው። የአውቶሞቲቭ ወይም የኤሌክትሪክ ሠልጣኝ 70 በመቶውን የሚያሳልፍበት ቦታ በሌለበት፣ ትብብሩ በወረቀት ላይ በሚመታ ማኅተም ያበቃል፤ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ የሚላከው ደግሞ ሁለተኛ የቤት ኪራይ ይጨመርበታል። ስልቱ የሥልጠናን ወጪ ከመንግሥት ወደ ድርጅቶች ለማካፈል ያሰበ ቢሆንም፣ ድርጅት በሌለበት አገር ድርሻው የወደቀው በሠልጣኙ ላይ ነው።

ገንዘቡ ከላይ ወደ ታች የሚወርድበት መንገድ ይህን ያባብሰዋል። የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚያጸድቀው ቀመር ይከፋፈላል፤ ክልሉ ደግሞ ከ1994 እና ከ1995 ዓ.ም ወዲህ ከደረሰው ላይ ለየወረዳው ጥቅል ድጎማ ይሰጣል። ጥቅል የተባለው ወረዳው ለየትኛው ዘርፍ ምን ያህል እንደሚያውል ራሱ እንዲወስን ተብሎ ነው፤ ሆኖም መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የልማት ሠራተኞችና የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ከተከፈላቸው በኋላ ለውሳኔ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ከወረዳ በጀት ትልቁን ድርሻ ደመወዝ ስለሚወስደው፣ «የሥራ ማስኬጃ» የሚባለው፣ ማለትም ከወረቀትና ከነዳጅ ጀምሮ እስከ ሥልጠና ጥሬ ዕቃ ያለው ሁሉ የሚገዛበት ገንዘብ፣ ሁልጊዜ የመጨረሻው ተረፍ ነው። የክልሉ ቢሮ በቀጥታ በጀት የሚይዝላቸው ኮሌጆችም ከዚህ ጠባይ ያመለጡ አይደሉም።

ከአጠቃላይ ትምህርት ይልቅ የሙያ ሥልጠና በዚህ የሚጎዳው ዕቃ የሚበላ ትምህርት በመሆኑ ነው። የታሪክ መምህር በአንድ ጠመኔ አርባ ተማሪ ሊያስተምር ይችላል፤ የብየዳ ሠልጣኝ ግን እጁ እስኪፈታ ድረስ በርካታ ኤሌክትሮድ ማቃጠል፣ ላሜራ መቁረጥና ማበላሸት አለበት፤ ግንበኛው ሲሚንቶና አሸዋ፣ አናጢው ጣውላ፣ የምግብ ዝግጅት ሠልጣኟ ዱቄት፣ ዘይትና ቅመም ይፈልጋሉ። የኮሌጁ የሥራ ማስኬጃ በዓመቱ አጋማሽ ሲያልቅ አሠልጣኙ ደመወዙን እየወሰደ፣ ሠልጣኙም የቤት ኪራዩን እየከፈለ፣ ብየዳ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይቀጥላል። ያ ሠልጣኝ ለምዘናው ሲቀርብ በአንድ ቀን ማሳየት ያለበትን ነገር በወራት ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ነክቶት ይሆናል። ኮሌጆች የሠልጣኞቻቸውን ሥራ እየሸጡ የውስጥ ገቢ እንዲያገኙ መበረታታታቸው ለትላልቆቹ ጠቅሟል፤ የአንድ ወረዳ ከተማ ገበያ ግን በዓመት ስንት የመማሪያ ወንበርና ስንት የብረት በር ይገዛል?

የሕዝብ ገንዘብ ለማን እንደሚያደላ ግልጽ አድርጎ የሚያሳየው በቦረና የሚገኘው የመካነ ሰላም ከተማ ነው። በአራተኛው ትውልድ ከተከፈቱት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው መቅደላ አምባ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ካምፓሶች አሉት። ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ በወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት መኝታውንና ምግቡን ከመንግሥት አግኝቶ ይማራል፤ ድርሻውንም ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ ቀስ በቀስ እንዲከፍል ይጠበቃል። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ ለዓመታት ሲመደብ የነበረው 22 ብር እንደማይበቃ ታምኖበት በ2017 ዓ.ም ወደ 100 ብር ከፍ እንዲል ተደርጓል። ከካምፓሱ አጥር ውጭ፣ በዚያው ከተማ ለቴክኒክና ሙያ የመጣ የገጠር ልጅ ግን ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ድርቆሽና በሶ ተሸክሞ ይመጣል። ከሁለቱ ወጣቶች የተሻለ ውጤት ያመጣው ተማሪ መረዳቱን የሚቃወም የለም፤ የሚያስደንቀው ከድሃ ቤት የመምጣት ዕድሉ የሚበልጠው ሠልጣኝ ለቀኑ አንድ ብር እንኳ ያልተቆረጠለት መሆኑ ነው።

ይህ ዓይነቱ ወጪ ለሙያ ሥልጠና አይቻልም እንዳይባል ተችሎ ያውቃል። በ1990ዎቹ መንግሥት በየቀበሌው የገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከል ከፍቶ በእያንዳንዱ ሦስት የልማት ሠራተኞች ለማሰማራት ሲወስን፣ ኮምቦልቻን ጨምሮ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶችን በግቢያቸው እያኖሩና እየመገቡ አሠልጥነው ለሥራ አብቅተዋል። ሠልጣኙ የሚቀጠረው በመንግሥት ስለነበር መንግሥት ስንቁን ቻለ፤ ሠልጣኙ ራሱን ሊቀጥር ሲሆን ግን ስንቁን ራሱ እንዲችል ተተወ።

ባለፉት ዓመታት ወደዚህ በር የሚመጣው ሕዝብ እጅግ ጨምሯል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የማለፊያ ውጤት ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከተፈታኞቹ ከዘጠና በመቶ የሚበልጡት ወደ ሙያ ሥልጠና እንደሚዞሩ በየመድረኩ ይነገራል፤ በ2014 ዓ.ም የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲቋቋምም ሥልጠናንና የሥራ ፈጠራን በአንድ ጣሪያ ሥር የማምጣት ዓላማ ነበረው። ነገር ግን ወደ ተቋም የሚላከው ወጣት ሲበዛ የተቋሙ የሥራ ማስኬጃ በዚያው ልክ አላደገም።

ከሁሉ ይልቅ ለድሆች የደረሰው የሥልጠና ገንዘብ ምናልባት ለዓረብ አገር ጉዞ የሚሰጠው ነው። ደቡብ ወሎ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ከሚሄዱት የቤት ሠራተኞች ብዙዎቹ ከሚወጡባቸው አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ በ2006 ዓ.ም ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ መንግሥት የውጭ አገር የሥራ ስምሪትን አግዶ ነበር። እገዳው ከመነሣቱ በፊት በ2008 ዓ.ም የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 923 ተጓዧ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀችና የሙያ ብቃት ምስክር ወረቀት የያዘች እንድትሆን በማዘዙ፣ የመንግሥት ኮሌጆች የቤት አያያዝን፣ የሕፃናትና የአረጋውያን እንክብካቤን በአጫጭር ኮርስ ማስተማር ጀመሩ። ሥልጠናው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለሚፈጅ የድሃ ቤተሰብ ስንቅ ይችለዋል፤ መጨረሻው ላይም የሚታይ ሥራ አለ። በአገር ውስጥ ኑሮ ለማቋቋም ከሚሰጡት ይልቅ ከአገር ለመውጣት የሚሰጠው ሥልጠና ለድሃዋ ልጃገረድ አቅም የተመቸ ሆኖ መገኘቱ ፖሊሲ አውጪዎችን ይበልጥ ሊያሳስብ በተገባ ነበር።

ከሥልጠናው በኋላ ያለውን የመሣሪያና የመነሻ ገንዘብ ችግር ለመፍታት የተደረገው ትልቁ ጥረት በ2009 ዓ.ም በዐዋጅ የተቋቋመው የ10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ የወጣቶች ፈንድ ነው። ገንዘቡ በንግድ ባንክ በኩል ለየክልሉ አነስተኛ የፋይናንስ ተቋማት ይደርስ ስለነበር፣ በአማራ ክልል የሚያበድረው ሕዝቡ «አብቁተ» የሚለው፣ ከ2014 ዓ.ም ወዲህ ጸደይ ባንክ የሆነው ተቋም ነበር። ተበዳሪዎቹ በማኅበር ተደራጅተው፣ ቀድመው ቆጥበውና እርስ በርስ ዋስ ሆነው ብድሩን ይወስዳሉ። የሠለጠነውና ያልሠለጠነው በአንድ ማኅበር ስለሚደራጅ፣ ብየዳ የተማረ ልጅ በበግ ማድለብ ማኅበር ውስጥ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ማኅበሩ ሲበተን ዕዳው በአባላቱ ላይ ይቀራል። ቀድሞ መቆጠብ የሚችለውም ያው የተሻለ ስንቅ ያለው ነው።

ለጎልማሶች የታሰበው ክፍል ከዚህም የሳሳ ነው። ከ2003 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ የተስፋፋው የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ማንበብና መጻፍን ከእርሻ፣ ከጤናና ከገቢ ማስገኛ ሙያ ጋር ለማጣመር ያለመ ቢሆንም፣ የሥራው መሪ ጥቂት አበል የሚያገኝ አመቻች በመሆኑና ለተግባሩ የሚሆን ዕቃ ባለመመደቡ በብዙ ቦታ ፊደል ቆጠራ ሆኖ ቀርቷል።

በ2009 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም ከየወረዳው ወጣት ሴቶችን አጭር ሥልጠና ሰጥቶ እንደሚቀበል ታምኖ ነበር። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ የልብስ ፋብሪካዎች የመነሻ ደመወዝ በወር ወደ 26 ዶላር ገደማ እንደነበር በ2011 ዓ.ም የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አመልክቷል፤ በዚህ ደመወዝ ከወግዲ ወይም ከሳይንት የመጣች ልጅ ኪራይ ከፍላ የምትበላው ስለማይተርፋት ከቤት እህል ማስላክ ይኖርባታል። በጥር 2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሜሪካ ለኢትዮጵያ ትሰጥ የነበረውን፣ «አጎዋ» የተባለውን የቀረጥ ነጻ ዕድል ስታቋርጥ ያም ተስፋ ጠበበ።

ገንዘቡን በቀጥታ ለሠልጣኙ መስጠት ምን እንደሚያመጣ ከተፈተሸባቸው አገሮች አንዷ ኡጋንዳ ናት። በሰሜን ኡጋንዳ በ2000 ዓ.ም ገደማ በቡድን የተደራጁ ወጣቶች የሥልጠናቸውንና የመሣሪያቸውን ወጪ ራሳቸው እንዲመድቡ በነፍስ ወከፍ ከ400 ዶላር ያነሰ ገንዘብ ተሰጣቸው፤ አጥኚዎቹ ከአራት ዓመት በኋላ ሲመለሱ የተቀባዮቹ ገቢ ካልተቀበሉት በ38 በመቶ በልጦ አገኙት። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ግን ያልተቀበሉትም በገቢ ደርሰውባቸዋል፤ ለተቀባዮቹ የቀራቸው ብልጫ ንብረታቸውና በሙያው መጽናታቸው ነበር። ስለዚህ ገንዘቡ ድሃውን የሚያፋጥን እንጂ ከድህነት አንድ ጊዜ የሚያወጣ ተአምር አይደለም፤ ማፋጠኑ ግን ቤተሰብ ለመመሥረት ለደረሰ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

በኢትዮጵያም ለሠልጣኝ መክፈል እንግዳ አይደለም። በ2009 ዓ.ም ደሴን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሥራ የጀመረውና በዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር ብድር የተደገፈው የከተማ ሴፍቲኔት፣ ተጠቃሚዎቹን በአካባቢ ልማት እያሠራ ደመወዝ ከከፈለ በኋላ ሥልጠናና መቋቋሚያ ገንዘብ ይሰጥ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም የተካው ሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ ለሥራ አጥ ወጣቶች ክፍያ ያለው የሥራ ላይ ልምምድ ጨምሯል። ሁለቱም የተዘረጉት ለከተማው ነዋሪ ነው። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ክፍል የተከራየ ሠልጣኝ በከተማው መዝገብ ነዋሪ አይደለም፤ በቀበሌውም በሥራ ቀን አይገኝም።

በ2015 ዓ.ም መጨረሻ በክልሉ ግጭት ከተቀሰቀሰና የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ወዲህ መንገድ ሲዘጋ ስንቅ ማመላለሱ ራሱ አደጋ ሆኗል፤ በ2014 ዓ.ም ጦርነት ንብረታቸው የተዘረፈ የደሴና የኮምቦልቻ ተቋማት ገና ሳያገግሙ ይህ ደርሶባቸዋል። ክፍሎች ባዶ በሚሆኑበት ዓመት በመቀመጫ የሚከፈል በጀት ማንንም ሳያሠለጥን ያልቃል።

የሠልጣኙን ስንቅ ለመሸፈን አዲስ ፈንድ ማቋቋም የግድ አይደለም። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራው የገጠር ሴፍቲኔት በሚገኝባቸው የደቡብ ወሎ ወረዳዎች የድሃ ቤተሰቦች ስም ዝርዝር፣ የክፍያ ሥርዓትና የቀበሌ ኮሚቴ አሉ፤ ተጠቃሚው ለስድስት ወራት በነፍስ ወከፍ በወር አምስት ቀን በእርከንና በመንገድ ሥራ ተሰማርቶ በአንድ ሰው 15 ኪሎ ግራም እህል ወይም ተመጣጣኙን ገንዘብ ያገኛል። ነፍሰ ጡርና አራስ ሴቶች ከዚህ ሥራ ወጥተው የጤና ትምህርት እየተከታተሉ ክፍያቸው እንዲቀጥል መመሪያው ስለሚፈቅድ፣ መማርን እንደ ሥራ ቀን መቁጠር በመርሕ ደረጃ ተቀባይነት አግኝቷል። ለአንድ ሠልጣኝ የኮሌጅ ቀኑ የእርከን ቀን ሆኖ ቢቆጠር፣ የቤተሰቡ ድርሻም ክረምቱን ጨምሮ እስከ ምዘናው ቢቀጥል፣ ስንቁ ከዚያ ይወጣል። የገጠር ሴፍቲኔትን የሚያስተዳድረው የግብርና ሚኒስቴር፣ ሥልጠናውን ደግሞ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲሆን፣ በወረዳም ሁለቱ ጽሕፈት ቤቶች ለየብቻቸው በተለያየ የበጀት መስመር ስለሚሠሩ፣ የሠልጣኞች ስም ዝርዝር ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲሻገርና መገኘታቸውን ኮሌጁ እንዲያረጋግጥ የሚያዝ የአፈጻጸም መመሪያ ሁለቱ ሚኒስቴሮች በጋራ ማውጣት ይኖርባቸዋል።